ወሎን የሚያጠና ማዕከል ዐጀሚ ማንበብ አለበት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዩኒቨርሲቲ ሥራ ሦስት ነው እየተባለ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ተነግሮናል፤ መማር ማስተማር፣ ጥናትና ምርምር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት። ሦስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት ቦታ ቢኖር የአንድን አካባቢ ምድር፣ ታሪክና ሕዝብ የሚያጠና ማዕከል ነው። እንዲህ ያለ ማዕከል በስብሰባ ሲነሣ ሁሉም ያጨበጭባል። የሚከብደው ጥያቄ ከጭብጨባው በኋላ ይመጣል፤ ማዕከሉ የሚያጠናው በየትኛው ቋንቋ የተጻፈውን፣ የማንን ቃልና የትኛውን መሬት ነው?

በዚህ ጽሑፍ ወሎን ምሳሌ አድርጌ ሐሳቤን አቀርባለሁ። ወሎን የመረጥኩት ብዙዎቻችን ከዚያ ስለመጣን ብቻ አይደለም። በወሎ ታሪክ ውስጥ የሙስሊሙ ድርሻ እንደ ተጨማሪ ምዕራፍ በመጨረሻ የሚለጠፍ ሳይሆን በየገጹ የሚገኝ ስለሆነ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ዐረብኛና ዐጀሚ የሚያነብ ሰው የሌለው ማዕከል የወሎን ግማሽ ብቻ ያነባል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ደግሞ ከእኛ ከተማሪዎቹ የቀረበ ሰው የለም።

ከስድስት ኪሎ የምንማረው

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በአዲስ አበባ የተመሠረተው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ይህ ተቋም ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሙዚየሙና የምርምር መጽሔቱ ተደማምረው ባለፉት ስድሳ ዓመታት ስለ አገራችን ለተጻፈው ብዙ ነገር መሠረት ሆነዋል። ከግእዝ ብራናዎች ጎን ለጎን በዐረብኛና በዐጀሚ የተጻፉ የእጅ ጽሑፎችም በዚያ ተቀምጠዋል።

የእነዚህ የእስልምና ጽሑፎች ዝርዝር ራሱን ችሎ በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ተቋሙ በተመሠረተ በ51ኛው ዓመት ማለት ነው። ሥራውን የመሩት አሌሳንድሮ ጎሪ የተባሉ ጣሊያናዊ ምሁር ናቸው። እኚሁ ምሁር በአውሮፓ ገንዘብና በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በኩል በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ የእስልምና ጽሑፎችን የሚያጠና ሰፊ ፕሮጀክትም ከ2013 ጀምሮ መርተዋል። ለሠሩት ምስጋና ይገባቸዋል። እኛ ግን ራሳችንን እንጠይቅ፤ በአባቶቻችን እጅ ተጽፎ በአገራችን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠን ኪታብ ርዕሱን ለይቶ ለመመዝገብ ግማሽ ምዕተ ዓመትና የውጭ አገር ሰው ለምን አስፈለገ?

መልሱ «ጠሉን» የሚል ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት የሚያነብ ሰው አለመኖሩ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባው ሰው ፊደሉን አያውቅም፤ ፊደሉን የሚያውቀው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ይህ ክፍተት ዛሬ በእኛ ትውልድ ተዘግቷል። በልጅነቱ ቁርኣን ቀርቶ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ አሁን በግቢያችን የሚማር ተማሪ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሁለቱን ዕውቀት በአንድ ራስ ላይ ያገናኘው እሱ ነው።

ኪታቡ ምን ይዟል?

«ኪታብ» ሲባል አንዳንድ ጓደኞቻችን የሚመጣላቸው የሃይማኖት ትምህርት ብቻ ነው። በእርግጥ ብዙው የሻፊዒይና የሐነፊይ ፊቅህ፣ ነሕው፣ ተውሒድና ተሰውፍ ነው። ይሁን እንጂ ይህም ራሱ ታሪክ ነው። በአንድ መንደር የትኛው ኪታብ እንደተቀዳ ማወቅ ያ መንደር ከሐረር፣ ከየመን ወይም ከሒጃዝ ጋር በምን መንገድ ይገናኝ እንደነበር ለማወቅ ይረዳል። በመጨረሻው ገጽ ላይ የገልባጩ ስም፣ ቦታውና ዓመተ ሂጅራው ሲገኝ ደግሞ ከየትኛውም የመዝገብ ቤት ወረቀት ያላነሰ ማስረጃ ነው። በህዳጉ ላይ ማን ለማን ወቅፍ እንዳደረገው፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚጻፍበትም ጊዜ አለ። በ1295 ዓመተ ሂጅራ ተጻፈ የሚል ኪታብ ያገኘ ሰው 1878 እ.ኤ.አ.ን፣ የቦሩ ሜዳን ዓመት፣ በእጁ ይዟል። ያን ዓመት ያ ሸህ የት ተቀምጦ ይጽፍ ነበር? ይህ አንድ መስመር ብቻውን የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ዐጀሚው ደግሞ የራሱ ዓለም አለው። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ዐረብኛ ሦስት የአናባቢ ምልክቶች አሉት፤ አማርኛ ግን ሰባት ድምፅ አለው። እነ «ጨ» እና «ጰ» በዐረብኛ የሉም። ስለዚህ የወሎ ጸሐፊዎች ባለው ፊደል ላይ ነጥብ እየጨመሩ፣ አንዱን ድምፅ በሌላው እየተኩ የራሳቸውን አጻጻፍ አበጁ። ይህን ጽሑፍ ዐረብኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ድምፁን ያወጣዋል እንጂ ትርጉሙን አያገኘውም። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከነጭራሹ አይከፍተውም። የወሎን አነጋገር ያልሰማ ሰውም በየመስመሩ ይሰናከላል። ኤንሪኮ ቸሩሊ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ መንዙማዎች በ1926 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር አሳትመዋል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ትምህርታችን ውስጥ የሸህ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ስም የሚነሣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ሸህ ጦልሓ መንዙማን በአማርኛ የደረሱ፣ በጽሑፍም በተግባርም በዘመናቸው ላይ አሻራ የተዉ ሰው ናቸው። አማርኛ በሁለት ፊደል የተጻፈ ቋንቋ መሆኑን የማያስተምር ክፍል የአማርኛን ታሪክ አልጨረሰም።

ለዚህ ሥራ መንገዱን የጠረገልንን ሰው ማስታወስ ግዴታ ነው። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመውን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ የጻፉት በየገጠሩ ዞረው፣ የሸሆቹን ቤተሰቦች ጠይቀው፣ የዐረብኛ ጽሑፎቹን ራሳቸው አንብበው ነው። የጀማ ንጉሥ፣ የጌታ፣ የዳና፣ የሾንኬ ማዕከላት በምሁራን ዓለም የታወቁት በአብዛኛው በእሳቸው ብዕር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ወደ አኼራ ሄደዋል። የአንድ ሰው ሥራ ግን ማዕከል አይሆንም። ማዕከል የሚያስፈልገው አንዱ ሲያልፍ ሌላው የጀመረውን እንዲቀጥል ነው።

መሬቱም መጽሐፍ ነው

የአካባቢ ጥናት ታሪክ ብቻ አይደለም። የቦታ ስሞቹን እንይ። ለጋምቦ፣ ለጋሂዳ ስንል «ለጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂመኖ ስንል «ወረ» የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን ማለት ነው። ዛሬ በእነዚህ ቦታዎች ብዙው ሰው የሚናገረው አማርኛ ነው፤ ስሙ ግን የቀድሞውን ቋንቋ ይዞ ቆይቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ የደቡብ ወሎ አንዱ ክፍል ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። በሐይቅ ዳር ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀ የትምህርት ቦታ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሸሆቹ በየተራራው ሐሪማቸውን ተክለው ደረሳ አስተማሩ። ወደ ምሥራቅ ሲወረድ ባቲ አለች፤ ደጋው፣ ቆላውና አፋሩ በገበያዋ የሚገናኙባት። ባቲና አምባሰል ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን የሁለቱ ስም መሆናቸውንም አንርሳ።

በደዋ ጨፋ በኩል ደግሞ ሾንኬና ጦለሃ አሉ። የአርጎባ ሰው በተራራ ጫፍ ላይ በድንጋይ የሠራቸው ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ታላቁ ዓሊም ሸህ ጀውሃር ቢን ሐይደር ያስተማሩት በሾንኬ ነው። የአርጎባ ቋንቋ በብዙ ቦታ ለአማርኛና ለኦሮምኛ ቦታውን ሲለቅ በእነዚህ መንደሮች ቆይቷል። አንድ ማዕከል ሾንኬን ሊያጠና ቢነሣ ሕንፃ የሚያውቅ፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ኪታብ የሚያነብ፣ ውኃና አፈር የሚያውቅ ሰው በአንድ መኪና መሄድ አለባቸው። የማዕከል ጥቅሙ ይኸው ነው። በየትምህርት ክፍላችን ተከፋፍለን ስንሄድ አንዱ ድንጋዩን፣ ሌላው ሰውየውን፣ ሦስተኛው ኪታቡን ያያል፤ መንደሩን ግን ማንም አላየውም።

«አገር በችግር ላይ እያለች ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። ለእሱ መልሱ ያለው ራሱ ወሎ ውስጥ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ መንግሥት ወሬው እንዳይወጣ ፈለገ። በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ጥቂት መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ በግቢውም አሳዩ። ተማሪው የተነሣው አይቶ ነው። በኋላ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ እንዴት እንደሚጋለጥ በሰፊው ጻፉ። ምድሩንና ሰውን ቀርቦ ማወቅ በችግር ጊዜ የሚቀመጥ ሥራ ቢሆን ኖሮ እነዚያ መምህራን ባልተንቀሳቀሱ ነበር። የትኛው ምንጭ በየትኛው ዓመት እንደደረቀ፣ ሰው በክፉ ቀን ወዴት እንደሚሰደድ፣ ማን ለማን እህል እንደሚያበድር የሚያውቅ ማዕከል ነፍስ ያድናል።

«መቻቻል» እንደ መፈክር፣ «መቻቻል» እንደ ጥናት

ስለ ወሎ ሲነገር ሁሌም የሚሰማ ቃል መቻቻል ነው። እውነትነት አለው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን መኖሩ፣ በወዳጃ አብሮ መቀመጡ፣ በሰርግና በለቅሶ ለሁለቱም ወገን የሚሆን ሥጋ በየፊናው መታረዱ የምናውቀው ኑሮ ነው። ግን ይህ ቃል በፖስተር ላይ ተጽፎ እየተሰቀለ መመራመርን ሲተካ እናያለን። መቻቻል ከሰማይ የወረደ ጠባይ ተደርጎ ሲቀርብ ሰዎች እንዴት እንደገነቡት፣ መቼ እንደፈረሰባቸውና እንዴት እንደጠገኑት ይጠፋል።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የሆነውን እናስታውስ። ዐፄ ዮሐንስ በጠሩት ጉባኤ የቤተ ክርስቲያን የውስጥ ክርክር ከተቋጨ በኋላ የወሎ ሙስሊም እምነቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ሸህ ጦልሓን የመሳሰሉት እምቢ ብለው ተቃወሙ። ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ተሰደደ፣ ስንቱ ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ይህን ማውራት የዛሬውን ጎረቤት መክሰስ አይደለም። ያን ሁሉ ያየ ሕዝብ በልጅ ልጆቹ ዘመን እንዴት አብሮ እንደበላ ካልጠየቅን የወሎን ትልቁን ዕውቀት አላገኘነውም። ቁስሉን የደበቀ ጥናት ፈውሱንም ማስረዳት አይችልም።

ፍትሕ ለሁለቱም ወገን መሆን አለበት። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ጭነው የወሰዷቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የግእዝ ብራናዎች የተነጠቁት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነት ስትያዝ የከተማዋ ሙዚየምም፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፈዋል። ለብራናው የምናዝነው ሐዘን ለኪታቡ ከምናዝነው ማነስ የለበትም። ነገ ማዕከሉ ውስጥ ግእዝ የሚያነብ ዲያቆንና ዐጀሚ የሚያነብ ደረሳ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፣ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ዓመት ለማወቅ ቢጠያየቁ፣ ከፖስተሩ የበለጠ መቻቻል እሱ ነው። ሱረቱል ሑጁራት በሕዝብና በጎሳ መለያየታችን ለመተዋወቅ መሆኑን ታስተምረናለች። የማይጠና ሰው አይታወቅም።

ሴቶቹ የት አሉ?

በእህቶቻችን በኩል አንድ ነገር ላንሣ። የሸሆች ታሪክ ስንጽፍ የምንጠይቀው ወንዶችን ነው። ግን ወሎን በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሁለት ሴቶች፣ ወርቂትና መስታወት፣ ተፎካክረው ገዝተዋል። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ የተቀበሏቸው ወርቂት ናቸው፤ ዋጋውም መቅደላ ላይ በመያዣነት የነበረው የልጃቸው ሕይወት ሆነ። ከገዢዎቹም ወጥተን ዱበርቲዎቹን እናስብ፤ ዱዓ የሚያደርጉ፣ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያወድሱ፣ ምጥ ላይ ያለችን ሴት የሚያጽናኑ እናቶች። የእነሱ ቃል በኪታብ አልሰፈረም፤ በቃል ነው ያለው። ወንድ ተመራማሪ ገብቶ ሊሰማው አይችልም። ይህ በር የሚከፈተው ለእህቶቻችን ብቻ ነው፤ እነሱ ካልገቡበት ተዘግቶ ይቀራል።

«ይህ ቢድዐን ማስፋፋት ነው» ለሚሉ

በመካከላችን በቅንነት የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። «የሐድራን፣ የዚያራን፣ የመንዙማን ነገር ማጥናት ሰዉ ከተውሒድ እንዲርቅ ማድረግ አይሆንም ወይ?» የሚል። ጥያቄውን አላቃልለውም፤ ለዲን ከማሰብ የመጣ ነው። ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንድን ነገር መመዝገብ ትክክል ነው ብሎ መመስከር አይደለም። በሐድራ ላይ ያለን አቋም ምንም ይሁን ምን፣ ሸሆቹ በቦሩ ሜዳ ዘመን ዲኑን ይዘው እንደቆዩ፣ ለደረሳው የፊቅህንና የነሕውን ትምህርት በነጻ እንዳስተማሩ፣ ገበሬውም ከጎተራው እየቆነጠረ ደረሳውን እንደመገበ አንክድም። ዛሬ የምንሰግድበት መስጊድ ቃሪእ የተማረው ከማን ነው? ስህተት አለበት ያልነውን እንኳ ለማረም መጀመሪያ ምን እንደተጻፈ ማንበብ ይኖርብናል። ያላነበቡትን ኪታብ መተቸት የዕውቀት ሰው ጠባይ አይደለም።

ይልቅ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ኪታቡ በምስጥ ይበላል፣ በዝናብ ይረጥባል፤ ልጁ ማንበብ ስለማይችል ለማያውቀው ነጋዴ ይሸጠዋል። ሸሁ ሲያልፉ በቃል የያዙት ሁሉ አብሯቸው ይቀበራል። በክርክር ላይ የምናጠፋው እያንዳንዱ ዓመት እንዲህ ያለ ኪሳራ አለው።

ከማዕከሉ ምን እንጠይቅ? እኛስ ምን እናድርግ?

ከማዕከል የምንጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። ዐረብኛና ዐጀሚ የሚያነቡ፣ ኦሮምኛና አርጎብኛ የሚሰሙ ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቀጠሩ። ኪታቦች ከባለቤታቸው ቤት አይውጡ፤ ካሜራው ወደ ኪታቡ ይሂድ። ኪታብ አማና ነው፤ «ለጥናት» ተብሎ ተወስዶ ያልተመለሰ ኪታብ የመንደሩን ሰው በር ለዘላለም ይዘጋል። ፎቶው ሲነሣ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጥ። ጥናቱ ሲያልቅ በአማርኛም በኦሮምኛም አጭር ሆኖ ለተጠየቁት ሰዎች ይመለስ። ማዕከሉ የብሔር ወይም የሃይማኖት የፉክክር መድረክ እንዳይሆን ደግሞ ሁሉም ወገን በአማካሪነት ይቀመጥበት። «ይህ መሬት የእኛ ብቻ ነበር» ለማለት የተቋቋመ ማዕከል ከሚኖር ባይኖር ይሻላል።

እኛ ግን ማዕከሉን መጠበቅ የለብንም። በመጪው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደ ቤት ስንሄድ ልናደርገው የምንችለው አለ። አያት፣ አጎት ወይም የመንደሩ ሸህ ካሉ ቀርቦ መጠየቅ፤ ከማን ተማሩ፣ የት የት ቀሩ፣ የትኛውን ኪታብ የት ሐሪማ ጨረሱ? ፈቃዳቸውን ጠይቆ በስልክ መቅዳት፤ ስማቸውን፣ ቦታውንና ቀኑን በመቅጃው መጀመሪያ ላይ መናገር። ኪታብ ካለ ከቦታው ሳያነሡ፣ በንጹሕ እጅ፣ በቀን ብርሃን፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተራ ፎቶ ማንሣት፤ የተጻፈበትን ህዳግ አለመቁረጥ። ከዚያ በቴሌግራም አለመልቀቅ፤ ባለቤቱ ይሰራጭ ሳይል የተሰራጨ ነገር ስርቆት ነው። በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በጂኦግራፊ፣ በሕግ ክፍል ያላችሁ ደግሞ የመመረቂያ ርዕስ ስትመርጡ አስቡበት። የወቅፍ መሬት ጉዳይ ለሕግ ተማሪ፣ የምንጭና የመቃብር ቦታ ለጂኦግራፊ ተማሪ፣ ዐጀሚ ለቋንቋ ተማሪ ሰፊ ሥራ ነው። ማኅበራችንም በጁሙዓ ማታ ከሚያዘጋጃቸው ፕሮግራሞች አንዱን ለዐጀሚ ንባብ ቢያደርገው ወጪው አንድ ሰሌዳና ጠመኔ ነው።

የወሎ ደረሳ ጥንት ከአንዱ ሸህ ነሕው፣ ከሌላው ፊቅህ ለመቅራት ቀናትን በእግሩ ይሄድ ነበር። ስንቁ ጥቂት ቆሎ፣ ሀብቱ የገለበጠው ኪታብ ነበር። እኛ በአውቶቡስ ሄደን፣ በኪሳችን ካሜራ ይዘን፣ የእሱን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ካቃተን ሰበብ የለንም።

አላህ የምናውቀውን የምንጠቀምበት፣ የማናውቀውን የምንጠይቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።